ኢሜላችሁ አውትቦክስ ላይ እንዳይቀር፦ ከኮምፒውተር የመላክ ዝርዝር መመሪያ

ሴንድ የሚለውን ትጫናላችሁ። የጻፋችሁበት መስኮት ይዘጋል። ተላከ ብላችሁ ላፕቶፑን ከድናችሁ ትወጣላችሁ። በማግሥቱ አለቃችሁ ይጠሯችኋል።

«ልጄ፣ ባሕር ዳር ያሉት ሪፖርቱ አልደረሰንም ይላሉ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ትናንት በ10 ሰዓት ነው የላክሁት!»

ሁለታችሁም እውነታችሁን ነው። ሴንድ ተጭኗል፤ ደብዳቤው ግን ከኮምፒውተሩ አልወጣም። ከቢቸና እስከ ዳንግላ፣ ከሞጣ እስከ ቡሬ፣ መብራትና ኔትወርክ ሄድ መለስ በሚሉበት ቢሮ ሁሉ ይህ ነገር ይደጋገማል። ሰዉ ተቀባዩን ይወቅሳል ወይም «ኢሜሉ ተበላሸ» ይላል። ብዙውን ጊዜ ግን ምክንያቱ አንድ ነው፦ ፕሮግራሙ ከጀርባ ገና እየላከ ሳለ ሥራውን እናቋርጥበታለን።

መመሪያው ተንደርበርድ ወይም አውትሉክ የሚባለውን የኢሜል ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ ጭነው ለሚጠቀሙ ነው። አውትሉክ ስል የቆየውን፣ ክላሲክ የሚባለውን ማለቴ ነው። አዲሱ አውትሉክ ላይ ብዙዎቹ ሜኑዎች የሉም ወይም ቦታቸው ሌላ ነው።

## መጀመሪያ ይህን እወቁ፦ ከጀርባ ምን ይሠራል?

ደብዳቤ ከጀርባ ሲላክ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

1. ፕሮግራሙ ደብዳቤውን አውትቦክስ ውስጥ፣ ማለትም ገና ያልሄዱት ወረፋ በሚጠብቁበት ፎልደር ያስቀምጣል። መስኮቱ የሚዘጋው እዚህ ላይ ነው።
2. ከመላኪያ ሰርቨሩ፣ ደብዳቤውን ተቀብሎ ከሚያስተላልፈው ኮምፒውተር ጋር ይገናኛል፤ ማንነታችሁን ያስረዳል።
3. ደብዳቤውንና አባሪውን ወደ ሰርቨሩ ይጭናል።
4. ሰርቨሩ «ተቀብያለሁ» ብሎ ይመልሳል። መልሱ 250 የሚል ቁጥር አለው።
5. ደብዳቤው ከአውትቦክስ ወጥቶ የተላኩት በሚቀመጡበት ሴንት ውስጥ ይገባል።

አራተኛው ሳይፈጸም ኔትወርክ ቢቋረጥ፣ መብራት ቢጠፋ ወይም ላፕቶፑ ቢተኛ አልተላከም። በዚያ ላይ ካቆመበት አይቀጥልም። አባሪው 90 በመቶ ደርሶ ቢቋረጥም እንደገና ከዜሮ ነው የሚጀምረው።

አልፎ አልፎ ደግሞ የተገላቢጦሽ ይሆናል። ሰርቨሩ ደብዳቤውን ተቀብሎ፣ መልሱ እናንተ ጋ ሳይደርስ መስመሩ ይቋረጣል። ፕሮግራሙ አልተላከም ብሎ ያስባልና ድጋሚ ይልካል። አንዱ ሪፖርት ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚደርሰው በዚህ የተነሳ ነው።

## ደረጃ 1፦ ኮምፒውተሩን አዘጋጁ

ሀ. ቀኑንና ዓመቱን ተመልከቱ። ይህን ነገር ስንቱ ቢሮ እንደሚዘነጋው! ፕሮግራሙ ከሰርቨሩ ጋር ሲገናኝ የሰርቨሩን የደኅንነት ሰርተፊኬት ይመረምራል። ሰርተፊኬቱ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። የእናንተ ኮምፒውተር ቀን ከዚያ ውጭ ከሆነ ግንኙነቱ አይፈቀድም፤ ደብዳቤው አውትቦክስ ላይ ይቀራል።

ቀኑ በሁለት መንገድ ይዛባል። አንደኛው፣ አሮጌ ዴስክቶፕ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ታልቃለች። ከዚያ መብራት በጠፋ ቁጥር ኮምፒውተሩ ቀኑን ረስቶ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ባትሪዋ አብዛኛውን ጊዜ ሲአር2032 የምትባለው ናት፤ ለውጧት። ሁለተኛው፣ አንድ ሰው አስቦ በእኛ አቆጣጠር ይሞላዋል። እኛ 2018 ስንል ኮምፒውተሩ የፈረንጆቹ 2018 ነው የሚመስለው። ዛሬ የሚሠራበት ሰርተፊኬት ደግሞ በዚያ ዓመት ገና አልወጣም።

እንዲህ አስተካክሉ፦

1. የዊንዶውስ ሴቲንግስን ክፈቱ፤ ታይም ኤንድ ላንጉጅ ውስጥ ግቡ።
2. የሰዓት ክልሉን ናይሮቢ፣ ዩቲሲ +3 አድርጉ። የእኛም እሱ ነው።
3. ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል የሚለውን አብሩ።
4. የፈረንጅ ዓመት መሆኑን በዓይናችሁ አረጋግጡ።

ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር አትሙሉት። ከቀኑ 9 ሰዓት ኮምፒውተሩ ላይ 3 ፒኤም ነው። ስድስት ሰዓት ከተዛባ ደብዳቤው ሊሄድ ይችላል፤ የሚይዘው ሰዓት ግን የእናንተ ኮምፒውተር የሰጠው ነው። እስከ 10 ሰዓት አስገቡ በተባለ ነገር ላይ ይህ ጣጣ ያመጣል።

ለ. ላፕቶፑ ሲከደን እንዳይተኛ አድርጉ። ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ክዳኑ ሲዘጋ ምን ይሁን የሚለው ውስጥ ግቡ። ሁለቱንም፣ በባትሪም በመብራትም፣ ዱ ናሲንግ አድርጉ። ሲከደን ካልተኛ መላኩን ይቀጥላል። ከቢሮ ስትወጡ ግን ራሳችሁ አጥፉት፤ ቦርሳ ውስጥ በርቶ ቢሄድ ይግላል።

ሐ. የትኛው ኔትወርክ እንደሚቆይ ወስኑ። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቆያል፤ ዋይፋይ የሚያድለው ራውተር ግን አብሮ ይጠፋል። መብራቱ ከጠዋት ጀምሮ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ከመጀመሪያው በስልካችሁ ሆትስፖት ላኩ።

አደራ፦ መላክ ከጀመረ በኋላ ከዋይፋይ ወደ ሆትስፖት አትቀይሩ። አድራሻው ስለሚለወጥ ግንኙነቱ ይበጠሳል፤ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል።

## ደረጃ 2፦ አባሪውን አቅልሉ

አባሪ ወደ ኢሜል ሲገባ ወደ ፊደልና ቁጥር ይቀየራል። በዚህ ምክንያት መጠኑ በሲሶ ይጨምራል። 12 ሜጋባይት ያያያዛችሁት ፋይል 16 ሜጋባይት ሆኖ ነው የሚወጣው። ጂሜይል የሚፈቅደው እስከ 25 ሜጋባይት ነው። ስለዚህ ከ18 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል በጂሜይል ሰርቨር ባትሞክሩት ይሻላል።

ጊዜውንም አስሉት። 16 ሜጋባይት፣ መጫኛ ፍጥነቱ በሰከንድ 1 ሜጋቢት በሆነ መስመር ሁለት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። መስመሩ ደክሞ 256 ኪሎቢት ከሆነ ከስምንት ደቂቃ በላይ ነው። ስምንት ደቂቃ ሳይቋረጥ የሚቆይ ኔትወርክ አላችሁ? ከሌላችሁ ፋይሉን አሳንሱ፦

- ደረሰኝና ደብዳቤ ስካን ስታደርጉ ከለሩን ተዉት። ጥቁርና ነጭ ወይም ግራጫ ምረጡ።
- ጥራቱን ከ300 ወደ 150 ዲፒአይ አውርዱት። ለሚነበብ ጽሑፍ ይበቃል። ማኅተሙ በግልጽ መታየት ካለበት 200 አድርጉት።
- በስልክ የተነሳ ፎቶ እንዳለ አታያይዙ። መጀመሪያ አሳንሱት።
- አሁንም ከከበደ ለሁለት ከፍላችሁ ላኩ። ርእሱ ላይ «1 ከ2»፣ «2 ከ2» ብላችሁ ጻፉ።

ዚፕ ማድረግ ለወርድና ለኤክሴል ፋይል እምብዛም አይረዳም፤ ቀድመውም የታመቁ ናቸው።

## ደረጃ 3፦ የመላኪያ ሰርቨሩን አረጋግጡ

ደብዳቤ መቀበል ትችላላችሁ፤ መላክ ግን እምቢ ይላል። ግር የሚያሰኘው ይህ ነው። መቀበያውና መላኪያው ሁለት የተለያዩ ሰርቨሮች ናቸው፤ የየራሳቸው ፓስዎርድ ይቀመጥላቸዋል። ፓስዎርድ ቀይራችሁ አንዱን ብቻ ካስተካከላችሁ ሌላው ተዘግቶ ይቀራል።

ተንደርበርድ ላይ አካውንት ሴቲንግስን ክፈቱ። በግራ በኩል ታች አውትጎይንግ ሰርቨር የሚለው አለ። ጂሜይል ከሆነ እንዲህ መሆን አለበት፦

- ሰርቨር፦ ኤስኤምቲፒ፣ ነጥብ፣ ጂሜይል፣ ነጥብ፣ ኮም
- ፖርት (የሰርቨሩ የመግቢያ በር ቁጥር)፦ ደኅንነቱ ኤስኤስኤል/ቲኤልኤስ ከሆነ 465፣ ስታርትቲኤልኤስ ከሆነ 587
- ማረጋገጫ፦ ኦአውዝ2 (ፓስዎርዱን በራሱ በጂሜይል መግቢያ ገጽ ላይ የምታስገቡበት)

ፖርትና ደኅንነቱ መጣጣም አለባቸው። 465 አድርጋችሁ ስታርትቲኤልኤስ ከመረጣችሁ ግንኙነቱ ዝም ብሎ ይንጠለጠላል። ፖርት 25 ከሆነም ለውጡት፤ ብዙ የኢንተርኔት አቅራቢዎች አይፈለጌ መልእክትን ለመከላከል ይዘጉታል።

የመሥሪያ ቤት ኢሜል ከሆነ ቁጥሮቹን ከአይቲ ክፍሉ ጠይቁ። በግምት አትሙሉ።

## ደረጃ 4፦ ፕሮግራሙን ለእናንተ ኔትወርክ አመቻቹ

### ተንደርበርድ

ተንደርበርድ እንደተጫነ፣ ምንም ካልነካችሁት፣ ከጀርባ አይልክም። ደብዳቤው እስኪሄድ ድረስ «እየላክሁ ነው» የሚል ትንሽ መስኮት ፊታችሁ ላይ ያቆያል። ከጀርባ እንዲልክ ከፈለጋችሁ፦

1. ሴቲንግስ፣ ጀነራል፣ እስከ ታች ውረዱ። ኮንፊግ ኤዲተር የሚለውን ጫኑ።
2. መፈለጊያው ላይ ሴንድኢንባክግራውንድ ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቃላቱን ሳትነጣጥሉ ጻፉ።
3. ፎልስ የሚለውን ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርጋችሁ ትሩ አድርጉት።

እኔን ብትጠይቁኝ ሁሉም ሰው ይህን ያብራ አልልም። በቀን ሃያ ሠላሳ ደብዳቤ ለሚልክ ጊዜ ይቆጥባል። በቀን አንድ ሁለት ለምትልኩ ግን እንዳለ ተዉት። ከጀርባ ሲሆን የመስኮቱ መዘጋት ያዘናጋል፤ ዋናው ችግርም መዘናጋቱ ነው። ካበራችሁት ቱልስ ውስጥ ያለውን አክቲቪቲ ማናጀር ክፍት አድርጋችሁ ሥሩ። የተላከውንና ያልተላከውን እዚያ ታያላችሁ።

ቀጥሎ ያለውን ግን በጂሜይል የምትልኩ ሁሉ አድርጉት። ተንደርበርድ ደብዳቤውን ከላከ በኋላ ኮፒውን ሴንት ውስጥ ለማስቀመጥ እንደገና ይጭነዋል። 16 ሜጋባይቱ ሁለት ጊዜ ሄደ ማለት ነው፤ ፓኬጁም አብሮ ሄደ። ጂሜይል ግን በራሱ ሰርቨር የተላከውን ራሱ ሴንት ውስጥ ያስቀምጣል። ስለዚህ አካውንት ሴቲንግስ ውስጥ ኮፒስ ኤንድ ፎልደርስን ክፈቱ፤ ፕሌስ ኤ ኮፒ ኢን ከሚለው ፊት ያለውን ምልክት አንሱ። የመሥሪያ ቤት ሰርቨር ከሆነ አታንሱ፤ ኮፒ ሳይቀርላችሁ ይቀራል።

መስመራችሁ በጣም የሚንቀራፈፍ ከሆነ አንድ ነገር ጨምሩ። ተንደርበርድ ሰርቨሩ ለ100 ሰከንድ ዝም ካለው ተስፋ ቆርጦ ያቋርጣል። ኮንፊግ ኤዲተር ላይ ቲሲፒታይምአውት ብላችሁ ፈልጉ፤ 300 አድርጉት።

### አውትሉክ

አውትሉክ ሁልጊዜ በአውትቦክስ በኩል ነው የሚልከው። ሦስት ነገር ተመልከቱ፦

1. ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ ውስጥ ሴንድ ኢሚዲየትሊ ዌን ኮኔክትድ የሚለው ምልክት የተደረገበት መሆኑን አረጋግጡ። ካልሆነ ሰዓቱን ጠብቆ ነው የሚልከው።
2. ኮንትሮል፣ አልት እና ኤስን አንድ ላይ ጫኑ። በየስንት ደቂቃው እንደሚልክና እንደሚቀበል ይታያል። ብዙ ጊዜ 30 ነው። 10 አድርጉት።
3. ሴንድ/ሪሲቭ የሚለው ታብ ላይ ወርክ ኦፍላይን ተጭኖ እንዳይሆን። አንድ ሰው ሳያውቀው ነክቶት ሳምንት ሙሉ ምንም የማይላክበት ጊዜ አለ።

## ደረጃ 5፦ ላኩ

1. ብራውዘር ከፍታችሁ አንድ ገጽ እንደሚመጣ እዩ። የዋይፋዩ ምልክት መኖሩ ኢንተርኔት አለ ማለት አይደለም።
2. ዩቲዩብን፣ የዊንዶውስ አፕዴትንና ሌላ የሚያወርድ ነገርን አቁሙ።
3. ሴንድን አንድ ጊዜ ብቻ ጫኑ።
4. አውትቦክስን እዩ፤ ግን ደብዳቤውን አትክፈቱ። አውትሉክ ላይ አውትቦክስ ውስጥ ያለ ደብዳቤ ከፍታችሁ ከዘጋችሁት ከተራ ይወጣል። ለመሄድ የተሰለፈ ደብዳቤ በተጋደመ ፊደል ይታያል። ፊደሉ ቀጥ ብሎ ካያችሁት ወረፋው ላይ የለም። ከፍታችሁ እንደገና ሴንድ በሉት።
5. ሂደቱን ተከታተሉ። አውትሉክ ላይ ሾው ፕሮግረስን፣ ተንደርበርድ ላይ አክቲቪቲ ማናጀርን ክፈቱ።
6. አውትቦክስ ባዶ መሆኑን፣ ደብዳቤው ሴንት ውስጥ መግባቱን አይታችሁ ፕሮግራሙን ዝጉ።
7. ቀነ ገደብ ያለው ነገር ከሆነ በስልካችሁ ያንኑ አካውንት ከፍታችሁ ሴንት ውስጥ መኖሩን እዩ። ስልኩ የሚያሳየው ሰርቨሩ ላይ ያለውን ስለሆነ ከዚህ የተሻለ ማረጋገጫ የለም።

ተጠንቀቁ፦ ተንደርበርድ ላይ ሴንድ ሌተር ማለት ሰዓት ጠብቆ ይልካል ማለት አይደለም። አውትቦክስ ውስጥ አስቀምጦ የእናንተን ትእዛዝ ይጠብቃል። ኮንትሮል እና ኢንተር አሁኑኑ ይልካል፤ መሃል ላይ ሺፍት ከተጨመረ ግን ሴንድ ሌተር ይሆናል። ብዙ ደብዳቤ በዚህች ጣት ስህተት ይቀራል። ለማስነሳት አውትቦክስን በቀኝ ጠቅ አድርጉና ሴንድ አንሴንት ሜሴጅስን ምረጡ።

አውትሉክ ላይ በዲሌይ ዴሊቨሪ ሰዓት መሙላት ይቻላል። አካውንቱ ጂሜይልን የመሰለ ከሆነ ግን በዚያ ሰዓት ኮምፒውተሩም አውትሉኩም ክፍት መሆን አለባቸው።

## ደረጃ 6፦ እምቢ ሲል

የስህተት ቁጥር ከመጣ አንብቡት። ኦኬ ብላችሁ አታሳልፉት። በ4 የሚጀምር ከሆነ፣ ለምሳሌ 421፣ ጊዜያዊ ነው፤ ቆይታችሁ ሞክሩ። በ5 የሚጀምር ከሆነ ደጋግሞ መላክ ዋጋ የለውም፤ የሆነ ነገር መስተካከል አለበት። 535 ፓስዎርድ ወይም ማረጋገጫ ነው፤ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ። 550 ብዙውን ጊዜ የተቀባዩ አድራሻ ነው፤ ፊደል በፊደል አንብቡት። 552 መጠን ነው፤ ወደ ደረጃ 2።

አንዱ ከብዶ ሌሎቹን ከያዘ። አንድ ትልቅ ደብዳቤ ከፊት ተሰልፎ እየሞከረ ሲወድቅ ከኋላው ያሉት ትናንሾቹም ይቆማሉ። ትልቁን አውጡት፦

1. ፕሮግራሙን ኦፍላይን አድርጉት። አውትሉክ ላይ ወርክ ኦፍላይን፣ ተንደርበርድ ላይ ግራ ታች ጥግ ያለችው ምልክት።
2. ፕሮግራሙን ዝጉትና እንደገና ክፈቱት። አውትሉክ «መላክ ጀምሬያለሁ» ብሎ አላስነካ ካላችሁ የሚለቀው በዚህ ነው።
3. ከባዱን ደብዳቤ ጎትታችሁ ድራፍትስ (ያላለቁ ደብዳቤዎች መቆያ) ውስጥ ክተቱት።
4. ኦንላይን መልሱት። ትናንሾቹ እስኪሄዱ ጠብቁ።
5. ከባዱን አቅልላችሁ ለብቻው ላኩ።

መሃል ላይ መብራት ወይም ኔትወርክ ከጠፋ። እጃችሁን ሰብስቡ። ሴንድን ደጋግማችሁ አትጫኑ፤ አዲስ ደብዳቤም አትጻፉ። ፕሮግራሙን ኦፍላይን አድርጉ። ኔትወርኩ ሲመለስ መጀመሪያ በስልክ ሴንት ውስጥ ፈልጉት። ካለ ሄዷል፤ ከአውትቦክስ አጥፉት። ከሌለ ኦንላይን መልሳችሁ፣ አውትሉክ ላይ ኤፍ9ን፣ ተንደርበርድ ላይ ሴንድ አንሴንት ሜሴጅስን ጫኑ። ፕሮግራሙ በራሱ ይሞክራል ብላችሁ አትመኑት።

«ተልኳል፣ ኮፒው ግን አልተቀመጠም» ካለ። ደብዳቤው ሄዷል። እንደገና አትላኩ። ሪትራይ በሉ፤ እምቢ ካለም ኮምፒውተሩ ላይ እንዲያስቀምጠው ፍቀዱለት።

ተንደርበርድ አውትቦክሱ ላይ ያለውን ጨርሶ አልልክ ካለ። ሁሉንም አስተካክላችሁ፣ ኔትወርኩም ደህና ሆኖ፣ አሁንም ከቆመ የፎልደሩ ማውጫ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። መብራት በድንገት ሲጠፋ ይህ ይደርሳል። መጀመሪያ ያሉትን ደብዳቤዎች በሙሉ ወደ ድራፍትስ ጎትቱ። አውትቦክሱን በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ ኮምፓክት በሉት። አንዱን ደብዳቤ ከድራፍትስ ከፍታችሁ ላኩ። ካልሄደ ሄልፕ፣ ትራብልሹቲንግ ኢንፎርሜሽን ውስጥ ፕሮፋይል ፎልደሩን ክፈቱ፤ ከዚያ ተንደርበርዱን ዝጉት። ሜይል፣ ሎካል ፎልደርስ ውስጥ ግቡ። አንሴንት ሜሴጅስ የሚል ስም ያላቸው ሁለት ፋይሎች አሉ፤ አንዱ መጨረሻው ላይ ኤምኤስኤፍ አለው። ኤምኤስኤፍ ያለውን ብቻ አጥፉ። ደብዳቤዎቹ ያሉት በሌላኛው ውስጥ ስለሆነ እሱን አትንኩት። ተንደርበርዱን ስትከፍቱት ማውጫውን በራሱ ይሠራዋል። ከዚያ ድራፍትስ ውስጥ ያቆያችኋቸውን አንድ በአንድ ላኩ፤ አንዱ ሴንት ውስጥ ሳይገባ ሁለተኛውን አትጀምሩ።